ባላገር የሚለው ስም

(በራዲዮ ከተሰማው ንግግር ለጋዜጣችን አንባብያን እንዲስማማ ሆኖ የቀረበ)



ዛሬ የማወራላችሁ ነገር ከመጽሐፍ የተገኘ ሳይሆን በድሬዳዋ ከተማ በሳቢያን ሰፈር በአንድ ቤት ውስጥ ያየሁት ነው። ባለፈው ጥር ወር ለመሥሪያ ቤቴ ጉዳይ ወደዚያ ተልኬ ሳለሁ፥ ለሆቴል የተሰጠኝን አበል ለማትረፍ ብዬ (ምን እደብቃችኋለሁ!) ከአክስቴ ዘንድ ዐሥራ አንድ ቀን ተቀመጥሁ።

በአክስቴ ቤት ዕድሜዋ ዐሥራ ሰባት ዓመት የሚሆን አንዲት ልጅ በሠራተኝነት ታገለግላለች። የመጣችውም ከሐረርጌ ደጋ፥ ከበደኖ በኩል ነው። ስሟን ከዚህ ላይ አልጽፈውም፤ እርሷም አልፈቀደችልኝም። ነገር ግን እኔ ከመደበቄ አስቀድሞ ሌሎች ሰዎች ስሟን ደብቀውት እንደ ቆዩኝ መናገር አለብኝ። በደረስሁ በሦስተኛው ቀን «ይህችን ልጅ ማን ብዬ ልጥራት?» ብዬ ብጠይቅ፥ ከጎረቤት ሁሉ ስሟን የሚያውቅ አንድ ሰው አጣሁ። አንዱ «ገጠሬዋ» ይላታል፤ ሌላው «ያቺ ባላገር» ይላታል። አክስቴም ብትሆን «አንቺ ልጅ» ከማለት በቀር በስሟ ስትጠራት አልሰማሁም።

ከቤቱ ፊት ለፊት አንድ ሱቅ አለ። ባለ ሱቁ እንደ ብዙው የድሬዳዋ ሰው ኦሮምኛን አቀላጥፎ የሚናገር ሲሆን፥ ልጅቱ በኦሮምኛ ስትጠይቀው ያልሰማ መስሎ ዝም ይላል፤ «በአማርኛ በዪ እንጂ!» ይላታል። እርሷም አማርኛውን የተማረችው በዚያው በከተማ በሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ሆነ ወንዱን ሴት፥ ሴቱን ወንድ ታደርገዋለች፤ አንዱን ለብዙ፥ ብዙውን ለአንድ ትሰጠዋለች። በዚህ ጊዜ ባለ ሱቁም፥ ባጃጃቸውን ከጥላው ሥር አቁመው ተሳፋሪ የሚጠብቁት ጎልማሶችም ይስቃሉ። ክፋት አስበው አይመስለኝም። ለእነርሱ የአምስት ደቂቃ ጨዋታ ነው፤ ለእርሷ ግን በየቀኑ ሁለትና ሦስት ጊዜ የምትቆምበት ችሎት ነው።

ይህች ልጅ እኔ ከመድረሴ በፊት ታማ ነበር። ራሷን ያማታል፤ ሆዷን ይቆርጣታል፤ ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳትም። አክስቴ በቡና ውስጥ ጤና አዳም ብታጠጣትም አልሻላት ስላለ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ደሟ ተመረመረ፤ ወባም ታይፎይድም አልተገኘም። በዚያ የነበረችው ነርስ ግን አስተዋይ ሴት ኖራ፥ ወረቀቱን አስቀመጠችና «ከማን ጋር ትጫወቻለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ ጥያቄው አልገባትም። ሁለተኛ በኦሮምኛ ሲነገራት «ከማንም» አለች። እናቷ ዘንድ ዓርብ ዓርብ በስልክ ትደውላለች፤ ስትደውልም ደኅና ነኝ፥ ሰዎቹ ይወዱኛል ትላለች። ይህን አክስቴ ስትነግረኝ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1940 ዓ.ም. በጸናው መተዳደሪያ ሰነዱ ጤንነት ማለት በሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የሥጋ፥ የአእምሮና ከሰው ጋር የመኖር ደኅንነት ነው ብሎ ወስኗል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ለገጠር ሰው ግን ይህ የሚነገረው ትምህርት ሳይሆን የኖረበት ነገር ነው፤ በተወለደበት ቀዬ ሰላም የማይለው ሰው የለም፤ ሲታመም የሚጠይቀው፥ ሲያዝን የሚያለቅስለት አለው። ከተማ ሲገባ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይወድቅበታል። በምትኩ የሚሰጠው ደግሞ ቅጽል ስም ነው።

እስቲ ስለዚህ ስም ጥቂት እንነጋገር። ባላገር ማለት ባለ አገር ማለት ነው፤ አገር ያለው፥ ርስት ያለው፥ መሬቱን አርሶ ግብር የሚከፍል ማለት ነው። በቀድሞ ዘመን መንግሥት የሚቆመው፥ ሠራዊት የሚቀለበው በባላገር ነበር። እንግዲህ አገር የለህም ለማለት ባለ አገር ብሎ መስደብ ከምን የመጣ ጥበብ ነው? የስድቡ ትርጉም ሲመረመር የሚገኘው ይህ ነው፦ አንተ እዚያ አገር አለህ፥ እዚህ ግን የለህም። ይህም በአገሪቱ ሕግ ፊት ሐሰት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማናቸውም ኢትዮጵያዊ በአገሩ ውስጥ በፈቀደው ቦታ የመዘዋወርና የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል።

በተለይ ድሬዳዋ ላይ ይህ ስድብ መሰማቱ እጅግ ያስገርማል። ከታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. በፊት ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ከተማ አልነበረችም። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ሳለ ተራራው ስላስቸገረ ሐዲዱ በሜዳው በኩል እንዲያልፍ ሆነና፥ ባቡሩ የደረሰበት ቦታ አዲስ ሐረር ተባለ። በዚያ ሜዳ ላይ የባቡሩ ኩባንያ መሐንዲሶች ከዚራን በቀጥታ መንገድ ሠሩት፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ በገበያተኛው እጅ እንዳሻው አደገ። ሐዲዱ ወደ አዲስ አበባ መዘርጋቱ እስኪቀጥል ድረስ፥ ድሬዳዋ ሸቀጡም ሰዉም ከባቡር ወርዶ በበቅሎና በግመል የሚጓዝባት በር ነበረች። ወደዚህች በር ኦሮሞውና ሶማሌው ከአካባቢው፥ አደሬው ከሐረር፥ አማራውና ጉራጌው ከደጋ፥ ዐረቡ፥ ሕንዱ፥ ግሪኩና አርመኑ ከባሕር ማዶ መጣ። ቀጥሎ የጨርቃ ጨርቁና የሲሚንቶው ፋብሪካ ሲቆም ደግሞ ሌላ ሠራተኛ መጣ። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በአስተዳደሩ ክልል 341,834 ሰው ሲያገኝ፥ ከዚያ መካከል የአያቱ አባት በዚያ ከተማ የተወለደ ስንት ሰው ይኖር ይሆን? የድሬ ልጅ በደግነቱ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌውን ሳይቀር «አንተ» ብሎ «አቦ» ብሎ ያቅፋል። ለደጋ ሰው ይህ መጀመሪያ ድፍረት ይመስለዋል፤ እኔም መጀመሪያ ቀን ተቆጥቼ ነበር። ኋላ ግን ፍቅር መሆኑ ገባኝ። ታዲያ ያ ፍቅር ከጓዳ ላለችው ልጅ ለምን ሳይደርሳት ቀረ ብዬ አሰብሁ።

አክስቴን ስለዚህ ጠየቅኋት። እርሷም በ1962 ዓ.ም. በዐሥራ አምስት ዓመቷ ከምንጃር ወጥታ ከናዝሬት ባቡር ተሳፍራ ነው የመጣችው። በለገሃር ስትወርድ በአንገቷ ላይ ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥራ ነበር፤ የቆላ በሽታ እንዳይዛት እናቷ ያሰረችላት ነው። ያን ያዩ የጣቢያው ተሸካሚዎች «ሽንኩርቷ መጣች» አሉ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ያህል በሰፈሩ ሽንኩርቷ ተባለች። አክስቴ ይህን ስትነግረኝ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ቀጥላ ግን ዝም አለችና፥ «ያን ሽንኩርት ማታ ፈትቼ ከደቻቱ ጣልሁት። እናቴ ያሰረችውን» አለች። ከዚያም ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

እኔም ከዚህ ኃጢአት ነጻ አይደለሁም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከገጠር መጥቶ በክፍላችን የገባ አንድ ልጅ ነበረ። ኮንጎ ጫማ ያደርግ ስለ ነበር «ኮንጎ» ብለን ሰየምነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። በሂሳብ ትምህርት ከሁላችን የሚበልጥ ልጅ ነበር። መምህሩ ሲጠይቀው ግን መልሱን እያወቀ አይናገርም፤ ቢናገር አነጋገሩን እንደግምበት ነበርና። በሁለተኛው መንፈቅ አልተመለሰም። ለምን እንደ ቀረ ማንኛችንም አልጠየቅንም። እኔ በዚያ ዓመት በሂሳብ አንደኛ ወጣሁ።

አንባቢ ሆይ፥ ንቀት በሰው ጤና ላይ እንዴት እንደሚሠራ በዚህ ልጅ ታየዋለህ። የተናቀ ሰው ከመናገሩ በፊት ቃሉን ይመዝናል፤ ከመራመዱ በፊት ጫማውን ያያል። እንዲህ ሲጠነቀቅ የዋለ ሰው ማታ ቢጋደም ልቡ ገና በጥበቃ ላይ ናት፤ እንቅልፍ የሚጠፋው ስለዚህ ነው። ራስ ምታቱና የሆድ ቁርጠቱ ከዚያ ይከተላል። ቢታመም ደግሞ ካርድ ክፍሉ ላይ የሚጠብቀውን ሳቅ ፈርቶ ሕክምናውን ያዘገያል። በጠዋት በመንገድ ዳር ቆሞ ሥራ የሚጠብቀው የቀን ሠራተኛም እንዲሁ ነው፤ ማታ ከተስማማበት ዋጋ ጎድሎ ሲሰጠው «ይህ አንሷል» ለማለት አፉን አይከፍትም፤ ሲከፍት «ባላገር ሂሳብ ታውቃለህ እንዴ!» እንደሚባል ያውቃልና። ሊስትሮውና ሎተሪ አዟሪውም ቢጠየቁ የሚናገሩት ይህንኑ ነው። ወደ አገሩ እንዳይመለስ ደግሞ ከከተማ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው በመንደሩ ሌላ መሳለቂያ ይሆናል። ስለዚህ በስልክ ደኅና ነኝ ይላል። ከሁለቱም ወገን ተቆርጦ በመካከል ይቀራል ማለት ነው። ካገሩ ስለ ወጣ ሰው መጫንና መለጎም አበው የተናገሩትን አንባቢዬ ስለሚያውቀው አልደግመውም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ሰውየው ንቀቱን የራሱ ማድረጉ ነው። አምስት ዓመት ከተማ የቆየው ትናንት የመጣውን «ገጠሬ» ብሎ ሲሰድብ ማየት የተለመደ ነው። ከጎረቤት ልጅቱን አብልጣ የምታሾፍባት ሌላ ሠራተኛ ነበረች፤ እርሷም ከዚያው ከሐረርጌ ደጋ ናት።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም። ኦዴጎርድ የተባለ የኖርዌይ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት፥ ወደ አሜሪካ ወደ ሚኔሶታ ግዛት የሄዱ ኖርዌያውያን በአገራቸው ከቀሩትም በዚያ ከተወለዱትም ይልቅ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል የሚገቡት እነርሱ እንደ ነበሩ አሳየ። እርሱ ምክንያቱን ሲተረጉም ለሕመሙ የተጋለጡት ሰዎች ለስደት ይቸኩላሉ ብሎ ነበር። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ግን ተቀባዩ ሕዝብ መጤውን የሚያይበት ዓይን ራሱ ከሕመሙ ምክንያቶች አንዱ እንደ ሆነ አስረድተዋል። በቻይናም በ1950 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ሕዝቡን የገጠርና የከተማ ብሎ በመዝገብ ለየው። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ 376 ሚሊዮን ያህል ሰው ከተመዘገበበት ቦታ ውጭ ሲኖር ተገኝቷል። ፋብሪካውን የሚያንቀሳቅሱት እነዚህ ሰዎች ሲሆኑ፥ በመዝገቡ ምክንያት ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ከሚሠሩበት ከተማ ትምህርት ቤት ማስገባት ተስኗቸው ከአያት ዘንድ በገጠር ትተዋቸው ኖረዋል።

መዝገብ ብዬ ከተነሣሁ የእኛንም ልናገር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌ ከተቋቋመ ወዲህ የከተማ ሰው መሆን የሚረጋገጠው በቀበሌ መታወቂያ ነው። በደርግ ዘመን ከቦታ ወደ ቦታ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር፤ ያ አሁን ቀርቷል። መሸኛ የሚሉት ደብዳቤ ግን አልቀረም። ከገጠር የመጣው ሰው በአዲሱ ቀበሌ ለመመዝገብ ከተወለደበት ቀበሌ መሸኛ ማምጣት፥ እንዲሁም የሚመዘገብበት ቤት ማግኘት አለበት። የሰው ቤት ሠራተኛ በማን ቤት ትመዘገብ? አሠሪዋ ካልፈቀደች በማንም ቤት። መታወቂያ የሌለው ሰው ባንክ ደብተር ለመክፈት ይቸገራል፤ ቤት የሚያከራየው አያምነውም፤ ቢበደል ክስ ለማመልከት ይፈራል። በ2009 ዓ.ም. በዐሥራ አንድ ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ድሬዳዋንም ጨምሯል፤ ለብዙ ድኃ ቤተ ሰብ እንጀራ ሆኗል። ይሁን እንጂ ይህም የሚደርሰው በቀበሌው ነዋሪነቱ ለታወቀ ሰው ነው። እንግዲህ ከሁሉ አብልጦ የሚቸገረው ከመዝገቡ ውጭ ቀርቷል ማለት ነው።

ስለ ሠራተኞችም ሕጉ የሚለውን በአጭሩ ልጥቀስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሠራተኛው ከአሠሪው ቤት የሚኖር ሲሆን አሠሪው በማደሪያውና በምግቡ በኩል የሠራተኛውን ጤናና መልካም ጠባይ የሚጠብቅ ጥንቃቄ እንዲያደርግ በቁጥር 2601 ያዛል። የቤት ሠራተኞች በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥ አልተጠቃለሉም፤ ስለዚህ ይህ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነው አንቀጽ ዛሬም ያስፈልገናል። አክስቴ ይህን ባነበብሁላት ጊዜ «እኔ በሰው ቤት ሳለሁም ይህ ሕግ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ነበር አልኋት።

አንድ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ተጋብዤ (እኔ ጫት አልቅምም፤ ወሬውን ግን እወዳለሁ) አንድ የከተማው ተወላጅ ተቃወመኝ። «አቦ አንተ ለሁለት ሳምንት መጥተህ ነው የምታወራው፤ ድሬ በሰው ሞልታለች፤ የቤት ኪራይ ናረ፤ ልጆቻችን ሥራ አጡ፤ ሌባውም በዛ» አለኝ። ይህ አባባል ከንቱ አይደለም። የቤት ችግር እውነት ነው፤ አቅም የሌለው ሰው ርካሽ ቦታ ሲፈልግ ከወንዝ ዳር እስከ መጠለል ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሲገድል በአሸዋ የደረቀ ወንዝ ዳር መኖር ምን እንደ ሆነ አገሩ ሁሉ አይቷል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች በከተማይቱ ተጠግተዋል። ሸክሙ ቀላል ነው አልልም። ነገር ግን ኪራይን ያናረችው የአክስቴ ሠራተኛ አይደለችም፤ እርሷ የምትተኛው ከጓዳ ነው። ሰው በስሙ ሳይጠራ መቅረቱም የኪራዩን ዋጋ በአንድ ብር አላወረደውም። ሌባ ቢኖር ሌባው ይያዝ። ወዳጄ ለዚህ መልስ አልሰጠኝም፤ ፔርሙሱን አቀበለኝ እንጂ።

የተናቁት ሰዎች ራሳቸውስ ምን አደረጉ ቢሉ፥ ብዙ አድርገዋል። የጉራጌ አገር ተወላጆች በአዲስ አበባ በሸክምና በጫማ ጠረጋ ኑሮ ሲጀምሩ የብሔረ ሰባቸው ስም የተሸካሚ መጠሪያ እስኪሆን ድረስ ተሰድበው ነበር። እነዚሁ ሰዎች በ1950ዎቹ ዓመታት ከቀን ገቢያቸው ሳንቲም እያዋጡ ለትውልድ አገራቸው መንገድ ሥራ ማኅበር አቁመው መንገድ አስጠርገዋል፤ ትምህርት ቤትም አሠርተዋል። ዛሬ በየከተማው ያለው እድርም የተስፋፋው ከየአገሩ ወጥተው ከዘመድ የራቁ ሰዎች ቀባሪ እንዳያጡ በመሰባሰባቸው ነው፤ በሐረርና በድሬዳዋ አፎቻ የሚባለውም የዚሁ ወንድም ነው። ነገር ግን እድር ለመግባት ቤት ያስፈልጋል፤ መዋጮም ያስፈልጋል። የሰው ቤት ልጅ የምትገባበት እድር በሳቢያን አላየሁም። በሠራተኛነቷ ዘመን ብትሞት የሚቀብራት አሠሪዋ ናት ወይም ቀበሌው ነው። ይህን ጉዳይ ከሳቢያን የእድር ዳኞች ጋር ብነጋገርበት ሁለቱ «እናስብበታለን» ብለውኛል፤ እንዳይረሱት ብዬ ከዚህ ጻፍሁት።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዳይገኝ አዝዘው ነበር። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን በብዙ ቦታ ከአዋጁ ዕድሜ በልጦ ይኖራል። ስለዚህ እኔ አዋጅ ይውጣ ብዬ አልጠይቅም። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በቤትህ የምታገለግለውን ልጅ ስም እወቅ፤ በስሟም ጥራት። በቀበሌ ለማስመዝገብ ፈቃድህን ስጥ፤ መሸኛውን ለማስመጣት የመኪና ሰው ፈልግላት። ማታ ሁለት ሰዓት ለትምህርት ብትለቃት ወጡ አያርርብህም። ባለ ሱቅ ከሆንህ የምታውቀውን ቋንቋ አላውቅም አትበል።

ልመለስበት ወዳሰብሁት ነገር እነሆ ደረስሁ። አክስቴ ሳልሄድ በፊት በሳምንቱ ሰኞ ነጠላዋን ለብሳ ልጅቱን አስከትላ ወደ ቀበሌ ሄደች። መሸኛ አምጡ ተብለው ተመለሱ። አባቷ በበደኖ ደብዳቤውን አጽፎ በአንድ የጭነት መኪና ሹፌር እጅ ሊልክ ተስማምቷል፤ እኔ እስክነሣ ድረስ አልደረሰም። የማታ ትምህርቱን ግን ጀምራለች፤ አክስቴ ደብተሯን በፌስታል ሸፍና ከራስጌዋ ታኖርላታለች። በስሟ መጥራቱንም ጀምራለች፤ አንዳንድ ጊዜ ይሳሳታትና «አንቺ ልጅ» ብላ ትጀምርና ታቆመዋለች።

በተነሣሁበት ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ከበር ስወጣ ልጅቱ ከሱቁ ፊት ቆማ ነበር። ለዘይት የሰጠችው መቶ ብር መልሱ ጎድሎባት በኦሮምኛ ትከራከራለች። ባለ ሱቁ እንደ ልማዱ በአማርኛ እንድትናገር ነገራት። እርሷ ግን ድምፅዋን ሳታነሣ፥ ሳትቸኩልም በኦሮምኛው ቀጠለች፤ መልሱን በጣቷ ቆጥራ አሳየችው። ባጃጅ ላይ የተቀመጡት ዝም ብለው ያያሉ። ባለ ሱቁ ጥቂት ቆየና መሳቢያውን ሳበ፤ የጎደለውን ዐሥር ብር አወጣና በኦሮምኛ «እንቺ» ብሎ ሰጣት።